ሊወድቅ የደረሰ የጉዞ ድርጅት እስከ መጨረሻዋ ሌሊት ይሽጥ?

አወያይ፦ የዛሬው መነሻችን ቶማስ ኩክ ነው። በ1841 የተቋቋመው ይህ የእንግሊዝ የጉዞ ድርጅት ሴፕቴምበር 23 ቀን 2019 ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ መዘጋቱን አስታወቀ። ከብሪታንያ የሄዱ 150,000 ያህል ደንበኞቹ በዚያች ሌሊት ውጭ አገር ነበሩ። እስከ ዋዜማው እሑድ ድረስ ግን ጉዞ ይሸጥ ነበር። ይህ ተገቢ ነው?

ኦዲተሩ፦ ተገቢ አይደለም። የድርጅቱ ሕመም ያን ቅዳሜና እሑድ አልጀመረም። በሜይ 2019 የግማሽ ዓመት ኪሳራውን 1.5 ቢሊዮን ፓውንድ ብሎ አሳውቆ ነበር። ከዚህ ውስጥ 1.1 ቢሊዮኑ በ2007 ማይትራቭል ከሚባል ሌላ የእንግሊዝ የጉዞ ድርጅት ጋር ሲዋሐድ ለስምና ለዝና የተመዘገበ ዋጋ ነው፤ ያ ዋጋ እንደሌለ ታምኖ ተሰረዘ። ዕዳው 1.7 ቢሊዮን ገደማ ደርሶ ነበር። በዚህ ሁኔታ ላይ ሆኖ ለመጪው የአውሮፓ በጋ ቀብድ የሚቀበል ሰው የማን ገንዘብ እየያዘ እንደሆነ ያውቃል።

ቲኬት ቢሮ፦ ወንድሜ፣ ሽያጭ ቢያቆምስ ምን ይከተላል? የዚህን ሥራ የገንዘብ ዑደት እንየው። ደንበኛ ወራት ቀድሞ ይከፍላል፤ ሆቴሉ የሚከፈለው እንግዳው ከወጣ ከ60 እስከ 90 ቀን ቆይቶ ነው። ስለዚህ በበጋ ካዝናው ይሞላል፤ የሆቴሎቹ ሒሳብ በመከር ሲመጣ ይራቆታል። ድርጅቱን ለማዳን ከታቀደው 900 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ባንኮቹ ተጨማሪ 200 ሚሊዮን የጠየቁት የአውሮፓን ክረምት ለመሻገር ነው። አሁን ድርጅቱ «ለጊዜው አንሸጥም» ይበል። በዚያው ቀን የካርድ ክፍያ አስተላላፊዎች ገንዘቡን ይይዙበታል፣ ሆቴሎች ቅድሚያ ክፈል ይላሉ፣ የአየር ማረፊያና የነዳጅ አቅራቢዎችም እንዲሁ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ያልቅለታል። 21,000 ሠራተኛ ያለውን ድርጅት ገና ድርድር ላይ ሳለ በማስታወቂያ መግደል ሥነ ምግባር አይባልም።

ኦዲተሩ፦ የተናገርከው እኮ የእኔን ክርክር ያጠናክራል። ድርጅቱ የሚንቀሳቀሰው በደንበኛ ቀብድ ከሆነ፣ ደንበኛው ሳያውቅ አበዳሪ ሆኗል ማለት ነው። ወለድ አያገኝም፤ ዋስትናውንም አልመረጠም። በእኛ አገር ለዚህ ስም አለው፦ አደራ በላ። መፍትሔው የአደራ ሒሳብ ነው። ገንዘቡ በሦስተኛ ወገን እጅ ይቀመጥ፤ ለድርጅቱ የሚለቀቀው ደንበኛው ከጉዞው ሲመለስ ብቻ ይሁን።

ቲኬት ቢሮ፦ ታዲያ የቻርተር መቀመጫውን፣ ድርጅቱ በጅምላ የሚከራየውን የአውሮፕላን ቦታ፣ በምን ይያዝ? ለእሱ ቅድሚያ ይከፈላል። ገንዘቡ ከተቆለፈ ከባንክ መበደር ነው፤ ወለዱም ተመልሶ ቲኬቱ ላይ ይጨመራል።

ጠበቃዋ፦ ሁለታችሁም ሕጉን ዘላችሁታል። የእንግሊዝ የኪሳራ ሕግ፣ የ1986ቱ፣ አንቀጽ 214 መስመሩን ያሰምራል። የቦርድ አባላት ድርጅቱ ከኪሳራ የሚያመልጥበት ምክንያታዊ ተስፋ እንደሌለ ያወቁበት ወይም ማወቅ የነበረባቸው ቀን ካለ፣ ከዚያ በኋላ የአበዳሪዎችን ጉዳት ለመቀነስ ማድረግ የሚገባቸውን ሁሉ ካላደረጉ በግል ንብረታቸው ሊጠየቁ ይችላሉ። ዋናው ጥያቄ ተስፋው የሞተበት ቀን የትኛው ነው የሚል ነው። የቻይናው ኩባንያ ፎሱን ከ900 ሚሊዮኑ ግማሹን ሊያስገባ ተስማምቶ ነበር። ያ ስምምነት በሕይወት እስካለ ድረስ መሸጥ በሕግ ፊት ማታለል አይሆንም። መንግሥት አልረዳም ካለና የባንኮቹ ተጨማሪ ጥያቄ መልስ ካጣ በኋላ ባሉት ሰዓታት የተሸጠው ግን ለእኔም ይከብደኛል።

የለንደኗ፦ እዚህ ብሪታንያ ያለ ሐበሻን የሚጠቅመውን ልጨምር፤ ብዙዎቻችን የአዲስ አበባ ቲኬት በወኪል ነው የምንገዛው። አቶል የሚባለው የዋስትና ሥርዓት ለአንድ ሰው 2.50 ፓውንድ ከሻጩ እየሰበሰበ ፈንድ ያቆያል። ጥቅል ጉዞን ይሸፍናል፤ በወኪል የተገዛ የአውሮፕላን ቲኬት ብቻውን አንዳንዴ ይሸፈናል፣ በቀጥታ ከአየር መንገድ የተገዛ ግን አይሸፈንም። ቀብድ እንኳ ብትከፍሉ የአቶል የምስክር ወረቀት ወዲያው ሊሰጣችሁ ይገባል። ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር በብሪታንያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ድረ ገጽ ላይ አመሳክሩ። ወኪሉ «በኋላ እልክልሻለሁ» ካለ አትክፈሉ።

ሌላው፣ ከ100 እስከ 30,000 ፓውንድ ዋጋ ላለው ነገር በክሬዲት ካርድ ከከፈላችሁ፣ ቀብዱን ብቻ ቢሆንም፣ ካርዱን የሰጠው ባንክ በ1974ቱ የብሪታንያ የብድር ሕግ አንቀጽ 75 ተጠያቂ ነው። ወጥመዱ ይኸውላችሁ፦ ገንዘቡ ከካርዱ የተቆረጠው በወኪሉ ስም፣ ውሉ ደግሞ ከአየር መንገዱ ጋር ከሆነ በእናንተ፣ በባንኩና በሻጩ መካከል ያለው ሰንሰለት ሊበጠስና ባንኩ ሊከለክላችሁ ይችላል። ደረሰኙ ላይ የማን ስም እንደወጣ እዩ። በጥሬ ገንዘብ ወይም በባንክ ዝውውር ለከፈለ ይህ ጥበቃ የለም።

ሆቴል አስተዳዳሪው፦ ስለ ደንበኛ ብቻ ነው የምታወሩት። ሆቴሎቹስ? ከላይ እንደተባለው የሐምሌና የነሐሴ እንግዶች ሒሳብ ገና አልተከፈለም ነበር። በቱኒዝያዋ ሐማማት አንድ ሆቴል እንግዶች ተጨማሪ ካልከፈሉ አትወጡም ብሎ በር ማዘጋቱ በዓለም ዜና ተሰማ። እንግዳን ማገት ነውር ነው፤ ያንን አልከላከልም። ነገር ግን አልጋ፣ ቁርስና ሠራተኛ አቅርቦ አንድ ሳንቲም ያላየ ሰው ንዴቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። የብሪታንያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ለእንግዶቹ ቀሪ ቀናት እከፍላለሁ ብሎ ዋስ ሆነ፤ የቀደመው ዕዳ ግን የወደቀውን ድርጅት ንብረት ለሚያጣራው የሚቀርብ አቤቱታ ሆኖ ቀረ።

ኦዲተሩ፦ የግብር ከፋዩንም ጨምር። ከ140,000 በላይ ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ አቶል የማይሸፍናቸውንም መንግሥት አምጥቷቸዋል። በጀርመን ደግሞ ለድርጅቱ ደንበኞች የተገባው የመድን ጣሪያ 110 ሚሊዮን ዩሮ ብቻ ስለነበር ጥያቄው በለጠው፤ ክፍተቱን መንግሥት ሸፈነ። ትርፍ ሲኖር ለባለአክሲዮን ድርሻ፣ ለአለቆች ጉርሻ፤ ሲወድቅ ግን ለሕዝብ። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ።

ቲኬት ቢሮ፦ እሱ ላይ አልከራከርህም፤ ጉርሻው መመለስ ነበረበት። ስለ ሽያጩም አንድ ነገር ልስጥህ፦ ማዳኛ ድርድር ላይ ያለ ድርጅት ይሽጥ፤ ድርድሩ ከተጀመረበት ቀን ወዲህ የሚገባው አዲስ ቀብድ ግን ሌላ ሒሳብ ውስጥ ይቀመጥ፤ ዕቅዱ ከተፈረመ ይለቀቅ፣ ካልተፈረመ ለከፋዩ ይመለስ። የድሮው ገንዘብ ባለበት ይቀጥል።

ኦዲተሩ፦ እስማማለሁ፤ ግን ቀኑን ማን ይወስናል? ለቦርዱ ከተተወ «ገና ተስፋ አለን» እያለ ያዘገየዋል። ባንኮቹን የብድር ውል ግዴታ አላልሉልኝ ብሎ የጠየቀበት ቀን ይሁን። እሱ በጽሑፍ የሚገኝ ቀን ነው።

ጠበቃዋ፦ ያ ቀን ይፋ ሆነ ማለት ካርድ አስተላላፊዎቹም አወቁት ማለት ነው። ቲኬት ቢሮ ከላይ የፈራው ሩጫ፣ ሁሉም ገንዘቡን ለመያዝ መሻማቱ፣ ተመልሶ ይመጣል። ቀኑን የሚያውቀው ተቆጣጣሪው ብቻ ከሆነ ነው የሚሠራው፤ ለዚያም ባለሥልጣኑ የድርጅቶቹን ሒሳብ በየወሩ የማየት ሥልጣንና ባለሙያ ያስፈልገዋል።

ቲኬት ቢሮ፦ በየወሩ ለትልቁ ይቻላል። አምስት ሠራተኛ ላለው ወኪልስ የኦዲት ወጪውን ማን ይችልለታል?