ክሬም የመሰለ የጾም ድሬሲንግ ለኪያር ሰላጣ፦ ውሃ እየሆነብኝ ተቸገርኩ

እንኮይ (ጠያቂ)፦
ሰላም የሙያ ሰዎች። ጎንደር ነኝ፣ ማራኪ። የነሐሴ ሚካኤል ማኅበር ተራው የኔ ነው። እንግዲህ 12 ቀን ፍልሰታ ነው፣ እርጎ የለ አይብ የለ። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ክኩ አያሳስበኝም። ያስቸገረችኝ አንዲት ሰላጣ ናት። አዲስ አበባ እህቴ ቤት የበላኋት ናት፤ ኪያሩ ስስ ስስ ተደርጎ ተቆርጦ፣ ነጭ ወፈር ያለ ነገር ለብሶ፣ በሹካ ስታነሱት አብሮ የሚነሳ። የእሷ በእርጎ ነው። እኔ የጾም ላደርገው ብዬ ሁለቴ ሞከርኩ፣ ሁለቴም ጉድ ሆንኩ።

መጀመሪያ ከሱቅ የገዛሁትን የለውዝ ቅቤ በሎሚ በጠበጥኩት። ሎሚው እንደነካው ደርቆ ጓጎለ፣ ደፋሁት። ቀጥሎ ቪዲዮ አይቼ የሽምብራ መቀቀያ ውሃ ከዘይት ጋር ብሌንደር ውስጥ ከትቼ መታሁት፤ ሾርባ ሆኖ ቀረ። እልህ ይዞኝ ኪያሩ ላይ አፈሰስኩት፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሳህኑ ሥር ኩሬ ተኛ። ባለቤቴ አየት አድርጎ "ይሄ የሚበላ ነው የሚጠጣ?" አለኝ። የሚመጣው 15 ሰው ነው። የት ጋ ነው የተሳሳትኩት? ደግሞ ውድ ነገር እንዳታዙብኝ፣ ካሹ ግዢ የሚለኝ ሰው ራሱ ገዝቶ ይላክልኝ።

ሙቀጫ አይሰለቸኝም፦
እንኮይዬ፣ አሁን ሁሉም ስለ ድሬሲንጉ ሊነግርሽ ነው። እኔ ግን ጥፋተኛው ኪያሩ ነው እልሻለሁ። ኪያር ከመቶ 95 እጁ ውሃ ነው። ጨው ሲነካው ውሃውን ይለቃል፣ ድሬሲንግሽ ደግሞ ጨው አለው፤ ምንም ያህል ብታወፍሪው ኪያሩ ራሱ ያቀጥንብሻል። ስለዚህ ውሃውን ቀድመሽ አስለቅቂው።

እኔ እንዲህ ነው የማደርገው። ኪያሩን ለሁለት እሰነጥቀውና መሐሉን፣ ያን ፍሬ ያለበትን ልፍስፍስ ነገር፣ በሻይ ማንኪያ ፍቄ አወጣለሁ። የክረምት ትልልቁ ኪያር ላይ ይሄን መዝለል አይቻልም። ከዚያ ስስ አድርጌ እቆርጣለሁ፣ ለ1 ኪሎ አንድ የሻይ ማንኪያ ሙሉ ጨው ነስንሼ ወንፊት ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ ከሥሩ ጎድጓዳ ሳህን። ግማሽ ሰዓት። ስትመለሺ ሳህኑ ውስጥ የምታይው ውሃ ነው ማኅበርተኛሽ ፊት ኩሬ ሊሆን የነበረው። ቅመሺው፣ ጨው ከበዛበት በቀዝቃዛ ውሃ ለቅለቅ። ቀጥሎ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለሽ እንደ ተቀቀለ ጎመን ጭምቅ! አትፍሪው፣ አይሰበርም፣ እንዲያውም ሲበላ ቀጭ ቀጭ ይላል። ድሬሲንጉ ላይ ጨው አትጨምሪ፣ ኪያሩ የያዘው ይበቃዋል።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ከሐረጉ ጋር የተያያዘበትን ጫፍ ቆርጠሽ ቅመሺ። መራራ ከሆነ እሱ ኪያር ለብቻው ይጣል፣ አንዱ ሌላውን ያበላሻል።

የአዘዞዋ፦
ኧረ እናንተ! የጎንደር ሴት ሆነሽ ሱፍ እያለልሽ የለውዝ ቅቤ ከሱቅ ትገዣለሽ? ነጭ፣ ወፍራም፣ የጾም፣ ሌላ ምን ፈለግሽ?

ነጩን ሱፍ ነው የምልሽ፣ የፈረንጅ ሱፍ የምንለውን ጥቁሩን አይደለም። ለ15 ሰው ሦስት ብርጭቆ ይበቃሻል። ስታጥቢው የሚንሳፈፈው ባዶ ነው፣ ጣዪው። ምጣድ ላይ ለብ አድርገሽ አድርቂው እንጂ አታምሺው። ቀለሙ መቀየር ከጀመረ ይመራል፣ መራራውን ደግሞ ሎሚም አይመልሰው። ውቀጪው፣ በለብታ ውሃ ዘፍዝፊው፣ ከዚያ በነጠላ ቁራጭ ጨምቂው። ለፍትፍት ሲሆን ውሃ እናበዛለን፣ ሁለቴ ሦስቴ እያጠብን እንጨምቃለን። አንቺ እንደሱ አታድርጊ። በሦስት ብርጭቆ ሱፍ ሁለት ብርጭቆ ውሃ፣ የመጀመሪያውን ጭማቂ ብቻ ውሰጂ። ወተት ነው የሚመስለው። የተረፈውን ገለባ ድጋሚ አጥበሽ ለራስሽ ፍትፍት አድርጊው፣ አይጣልም።

እውነቱን ለመናገር ሱፍ ብቻውን ኪያር ላይ አይንጠለጠልም፣ ይወርዳል። እኔ የተቀቀለ ድንች እጨምርበታለሁ። መካከለኛ አራት ድንች፣ ትኩስ እንዳለ ተልጦ በወንፊት ተጭኖ የወረደ፣ ሱፉ በትንሽ በትንሹ እየተጨመረበት በማንኪያ ይለወሳል። ድንቹን ብሌንደር ውስጥ እንዳትከችው! አንዴ ከትቼው ልጆቼ ደብተር የሚለጥፉበት ሙጫ ሆኖ ወጣ። ብሌንደር ድንቹን ይበጣጥሰውና ውስጡ ያለውን ስታርች አስወጥቶ ያጣብቀዋል።

እንኮይ፦
የአዘዞዋ ተባረኪ። ሱፉንማ እማዬም ትሠራው ነበር፣ ኪያር ላይ ይሆናል ብዬ አስቤው አላውቅም። መብራቱም እንደምታውቁት ነው፣ ያለ ብሌንደር የሚሆን መሆኑ ራሱ ደስ ብሎኛል። ግን ያ የሽምብራ ውሃ ለምን እምቢ አለኝ? እልህ ይዞኛል።

ነጭ ቆብ፦
እሱን እኔ ልመልስልሽ፣ እንጀራዬ ስለሆነ። ሆቴል ኩሽና ነው የምሠራው፣ በጾም ወቅት ማዮኔዝ የምንሠራው በሱ ነው። የጥራጥሬ መቀቀያ ውሃ እንደ እንቁላል ነጭ አረፋ እንደሚሠራ ያሳየው ጆኤል ሮሴል የሚባል ፈረንሳዊ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2014። ገና ትኩስ ሙያ ነው፣ ቢበላሽብሽ አይፈረድብሽም።

ሁለት ነገር ሳትሳሳቺ አልቀረሽም። አንደኛ ውሃሽ ቀጭን ነበር። ሽምብራው አንድ ሌሊት ተዘፍዝፎ፣ የዘፈዘፍሽበት ውሃ ተደፍቶ፣ በአዲስ ውሃ እስኪበስል ይቀቀላል። ከዚያ ሽምብራውን አውጥተሽ ውሃውን ብቻውን መልሰሽ እሳት ላይ ታስቀምጪዋለሽ፣ ማንኪያ ስታነሺ እንደ እንቁላል ነጭ እስኪሳብ። በደንብ ይቀዝቅዝ። ሞቅ እያለ ከሆነ አትልፊ።

ሁለተኛ ዘይቱን በአንዴ ገለበጥሽው። አራት የሾርባ ማንኪያ የሽምብራ ውሃ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የተበጠበጠ ሰናፍጭ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ወይም ሎሚ። እነሱን ቀድመሽ ምቺ። ከዚያ አንድ ብርጭቆ ዘይት፣ መጀመሪያ ጠብታ ጠብታ፣ እየነጣ ሲመጣ እንደ ክር አድርገሽ። አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ሰናፍጩ ለጣዕም ብቻ አይደለም፣ ዘይትና ውሃው እንዳይለያዩ ይይዛቸዋል። የጁስ ብሌንደር ደግሞ ለትንሽ ነገር አይሆንም፣ ምላጩ ሥር ይቀርና አየር ብቻ ይመታል። በእጅ የሚያዘው ይሻላል። ሾርባ ከሆነብሽም አትድፊው፦ ሌላ ዕቃ ውስጥ አዲስ አንድ ማንኪያ የሽምብራ ውሃ አድርጊና የተበላሸውን እንደ ዘይት በጠብታ እየጨመርሽ ምቺው፣ ይመለሳል። እኔ በሥራ ቦታ ስንቱን አድኜበታለሁ።

ዝምታ ወርቅ ነው፦
እኔ የማይገባኝ፣ ጾም እኮ ነው። የምን ክሬም? ቃርያ በሎሚ በቂ ነው። እርጎ ሲያምረን እርጎ የሚመስል፣ ሥጋ ሲያምረን ሥጋ የሚመስል፤ ታዲያ ምኑን ጾምነው?

እንኮይ፦
ወንድምዓለም፣ ለአንተ ቃርያ በሎሚ አቀርብልሃለሁ፣ ና። ግን እናትህም ለፍልሰታ ሱፍ ሲወቅጡ ነው የኖሩት፣ እሳቸውንም "የምን ወተት" ብለህ ታውቃለህ?

ዝምታ ወርቅ ነው፦
እሱንስ አላልኩም። እናቴን ባታነሺብኝ ጥሩ ነበር። እሺ ቀጥሉ።

የመተማ መንገድ፦
ሰሊጥ እንዴት ተረሳ? ከሑመራና ከመተማ ነጭ ሰሊጥ በጆንያ እየወጣ ለዓለም ይሸጣል፣ እኛ ቡና ቁርስ ላይ ብቻ እናስታውሰዋለን። ሰሊጡን ቡናማ ሳታደርጊ ለብ አድርጊና ትኩስ እያለ ፍጪው፣ ዘይቱን ራሱ ያወጣል፣ ካስቸገረ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምሪ። ሊጥ ይመስላል። ሎሚ ስትጨምሪበት ይደርቃል፣ ይጓጉላል፣ ልክ የለውዝ ቅቤሽ እንደሆነው። እዚህ ጋ ነው ሰው ተበላሸ ብሎ የሚደፋው። አልተበላሸም! ቀዝቃዛ ውሃ በማንኪያ በማንኪያ እየጨመርሽ ማሸት ነው። አራተኛው አምስተኛው ማንኪያ ላይ ድንገት ይለሰልስና ነጭ ይሆናል፣ ዓይንሽ እያየ። የለውዙም እንዲሁ ነበር፤ የጀመርሽው ልክ ነበር፣ ያቆምሽው ቀድመሽ ነው። ለውዝ ከገዛሽ ግን ራስሽ ለቅመሽ ፍጪ፣ የተጨማደደና የሻገተ ፍሬ አይግባበት፣ ሻጋታው መርዝ አለው፣ ማመስም አያጠፋውም። ሰሊጥ ወይም ለውዝ የማይስማማው ሰው ካለም አስቀድመሽ ጠይቂ።

እምዬ ጓሮ፦
ስለ ሽታውስ ማን ያውራ? ነጭ ሽንኩርት ሁለት ፍንካች፣ በጨው ተወቅጦ። እንስላል ደግሞ ከጓሮ፣ ለምለሙን ጫፍ ብቻ ደቆስ አድርገሽ። ኪያርና እንስላል የተፈጠሩት ለመጋባት ነው። ሰናፍጩን በፈላ ውሃ እንዳትበጠብጪው፣ ይሞታል፤ በቀዝቃዛ በጥብጠሽ አሥር ደቂቃ ተይው፣ አፍንጫሽ ይነግርሻል። ስኳር ቁንጥር ታህል። ጥቁር አዝሙድ የሚጨምሩም አሉ፣ እኔ አልወደውም፣ ነጩን ያጎድፈዋል።

ጋሼ ፒያሳ፦
ልጄ፣ በመጨረሻ ሰዓት ጨንቆሽ ከሱቅ ማዮኔዝ እንዳትገዢ። አብዛኛው እንቁላል አለው። የጾም ነው ቢሉሽም ጠርሙሱን አዙረሽ አንብቢ።

ሙቀጫ አይሰለቸኝም፦
ሌላ አንድ ነገር፦ ኪያሩንና ድሬሲንጉን ለየብቻ አስቀምጪ። የምትለውሺው ሰው ከተቀመጠ በኋላ ነው። ድሬሲንጉ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ቀን ይቆያል፤ መብራት ውሎ ካደረ ግን ለሰው አታቅርቢው፣ ድንችና ሱፍ ቶሎ ይኮመጥጣል።

እንኮይ፦
ነሐሴ 13። መጣሁ፣ ልንገራችሁ።

ዋዜማውን በሦስት ኪያር ሞከርኩት። የሽምብራው ማዮኔዝ ነጭ ቆብ እንዳለው ያዘልኝ፣ ግን ዘይቱ በዛብኝ፣ ደግሞ አጋማሹ ላይ መብራት ሄደ። በሹካ ጨረስኩት፣ ክንዴ አሁንም ያመኛል። ስለዚህ ለማኅበሩ በሱፍና በድንች ወሰንኩ። ቅዳሜ ገበያ ሄጄ ሱፉን ገዛሁ፣ ሴትዮዋ "ለፍትፍት ነው?" ስትለኝ ለኪያር ነው ስላት ጤንነቴን ተጠራጠረች። ድንቹን በወንፊት አወረድኩት፣ ሁለት ማንኪያ የሰሊጥ ሊጥ ጨመርኩበት፣ ይሄኛው የራሴ ነው፤ ሱፉ ብቻውን ትንሽ ፈዘዝ ብሎብኝ ነበር፣ ሰሊጡ አነሳው። ሎሚ፣ ሰናፍጭ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ እንስላል። ሦስት ኪሎ ኪያር በጨው አስቀምጬ ከሥሩ የወጣው ውሃ ከሦስት ብርጭቆ በላይ ነበር! ቆሜ ነው ያየሁት። ያ ሁሉ ሳህኑ ላይ ሊወርድ ነበር ማለት ነው።

ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ተቀምጦ፣ ጸሎት ደርሶ፣ ከዚያ ለወስኩና አቀረብኩ። አባ ሊጎርሱ እጃቸውን ዘርግተው ነጩን ሲያዩ መለስ አደረጉት። ቀና ብለው ዝም ብለው አዩኝ። ቤቱ ጸጥ አለ። "ሱፍ ነው አባ" አልኩ። አላመኑም መሰለኝ፣ ገለባውን ከጓዳ በወንፊት አምጥቼ አሳየኋቸው። ሸተት አደረጉት፣ ሳቁ፣ ቀመሱ። ሁለተኛ ሲያነሱ ግን እንደ ወጥ በእንጀራ ነበር የጠቀለሉት፣ ሌላውም እሳቸውን አይቶ እንደዚያው አደረገ። ሹካውን ማንም አልነካውም።

ትንሽ የተረፈችው ዛሬ ጠዋት ውሃ ቋጥራ ነበር። እንጀራ ቆራርሼባት በላናት።