የደሴት እንስሳትን ለአምስት ዓመት ልጆች በምን ላስተምር?

መምህርት ዘኬጂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የኬጂ መምህርት ነኝ፤ ልጆቼ አምስትና ስድስት ዓመታቸው ነው። ስለ ጋላፓጎስና ማዳጋስካር ደሴቶች እንስሳት ጀምረናል። ሥዕል አሳየኋቸው፣ ቀለም ቀቡ፣ አለቀ። ከዚያ አንዱ ተነሥቶ «ይሄ የጋላፓጎስ ትልቅ ኤሊ ለምን እዚያ ብቻ ይኖራል?» አለኝ። በቃል መለስኩለት፤ ፊቱን ሳየው ግን ምንም አልገባውም። በእጃቸው ነክተው የሚረዱት ነገር እፈልጋለሁ። ያለኝ ሳፋ፣ ካርቶን፣ ጭቃና መቀስ ነው። ማተሚያ የለኝም።

የመንታ እናት፦
የሌሙር፣ የዚያን ጦጣ መሰል የማዳጋስካር እንስሳ፣ ጭራ ሥሩ! አሮጌ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቆ ጥቁርና ነጭ ክር እያፈራረቁ መጠምጠም ነው፤ ጫፉ ጥቁር ይሁን። የኔዎቹ አስረውት ቤቱን እየዘለሉበት ነው።

ጡረተኛዋ፦
ጭራው ያምራል፤ የልጁን ጥያቄ ግን አይመልስም። እሱ ሳያውቀው የጠየቀሽ ስለ ባሕሩ ነው፤ ስለዚህ በሳፋው ጀምሪ፣ እህቴ።

ውኃ ሙዪና በአንዱ ጫፍ ትልቅ ድንጋይ አስቀምጪ፤ እሱ ደቡብ አሜሪካ ነው። በሌላው ጫፍ ጥቂት ጠጠሮች ከውኃው ብቅ ይበሉ፤ እነሱ ጋላፓጎስ ናቸው። በመሀሉ ወደ 1000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ባሕር አለ በያቸው። ልጆቹ ኤሊውን ከቡሽ፣ እንቁራሪቷን ከሶፍት ወረቀት ይሥሩና እፍ እያሉ ያሻግሯቸው። ቡሹ ይደርሳል፤ ሶፍቱ መንገድ ላይ ይበተናል። ከእውነቱም አይርቅም፤ ኤሊ ይንሳፈፋል፣ ሳይበላና ሳይጠጣም ወራት ይቆያል። የእንቁራሪት ቆዳ ግን ስስ ነው፣ ጨዋማ ውኃ አይችልም፤ ጋላፓጎስ ላይ ሰው ሳያመጣት በራሷ የደረሰች እንቁራሪት የለችም። ሶፍቱ ሲበተን የሚያለቅስ አይጠፋም። ያልቅስ፣ ሌላ ይሠራል።

በማግስቱ ወደ ቅርፊቱ እለፉ። ከካርቶን ሁለት ዓይነት ቁረጪ፦ አንዱ ከአንገት በላይ ዝቅ ብሎ የሚጫን፣ ሌላው ፊቱ እንደ ኮርቻ ወደ ላይ የተነሣ። ልጁ ለብሶት በእጁና በጉልበቱ ይሂድ። አንድ ቅጠል መሬት ላይ አድርጊ፣ ሌላውን በክር ከፍ አድርገሽ ስቀዪው። ዝቅ ያለውን የለበሰው ቀና ልበል ሲል ካርቶኑ ማጅራቱን ይይዘዋል። እርጥብና ሣር የሞላባቸው ከፍ ያሉ ደሴቶች ላይ ያሉት ኤሊዎች ባብዛኛው ክብ ቅርፊት አላቸው፤ ኮርቻ መሰሎቹ ምግባቸው ረጃጅም ቁልቋል በሆነባቸው ደረቅ ደሴቶች ይገኛሉ። ይህን በአፍ ለማስረዳት ብትሞክሪ ይሰለቻሉ፤ አንገታቸው ግን ወዲያው ይረዳል።

ለማዳጋስካር ከሌሙሩ ጭራ ይልቅ አይ-አይ የምትባለውን ሌላ የሌሙር ዓይነት እመርጣለሁ። መልኳ አያምርም፤ ልጆች ግን ይወዷታል። ሌሊት እንጨት በጣቷ መታ መታ እያደረገች ውስጡ ባዶ የሆነውን ቦታ ታዳምጣለች፣ እዚያ ላይ በጥርሷ ትቦረቡራለች፣ ከዚያ በዚያ እንደ ስንጥር በቀጠነ የመሀል ጣቷ ውስጥ ያለውን ትል ታወጣለች። ትናንሽ ሳጥኖች ሰብስቢ፤ ገሚሱን በጨርቅ ጠቅጥቂ፣ ገሚሱን ባዶ ተዪ፣ ሁሉንም ዝጊ። ልጆቹ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ ጆሯቸውን አስጠግተው፣ በጣታቸው መታ መታ እያደረጉ ባዶውን ይፈልጉ። ክፍሉ ጸጥ የሚልበት ብቸኛው ትምህርት ይሄ ነው።

ቅጠልያ፦
ባዮሎጂ ነው ያጠናሁት። የእትዬ ሐሳብ በጣም ጥሩ ነው፤ አንድ ነገር ልጨምር። በኤሊው ጨዋታ መጨረሻ ልጆቹ «አንገቷን ስትዘረጋ ስትዘረጋ ረዘመላት» ይላሉ፤ ትልቅ ሰውም ይላል። እንደዚያ አይደለም። መጀመሪያውኑ ትንሽ የሚለያዩ ኤሊዎች ነበሩ፤ ምግቡ ላይ የሚደርሱት በሕይወት ቆይተው ወለዱ፣ ልጆቻቸውም እነሱን መሰሉ፤ ይህ ለብዙ ትውልድ ቀጠለ። ለዚህ ከወረቀት አጭርና ረጅም አንገት ያላቸው ኤሊዎች ቆርጣችሁ ግድግዳው ላይ ከፍ ያለ ቁልቋል ሳሉ። የሚደርሰው ሁለት ልጅ ይውለድ፣ የማይደርሰው ወደ ሳጥን ይግባ። ከጥቂት ዙር በኋላ ጠረጴዛው ረጅም አንገት ብቻ ይሞላል። አደራ፣ ከጨዋታ የሚወጣው ወረቀቱ ይሁን፤ ልጆቹን ካስወጣሽ ትምህርቱ በለቅሶ ያልቃል።

መምህርት ዘኬጂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሳፋው ነገ ይጀመራል። እትዬ፣ አንድ ልጠይቅዎት፦ ስለጠፉት እንስሳት ልንገራቸው? ወይስ ለዚህ ዕድሜ ይከብዳል?

ጡረተኛዋ፦
ንገሪያቸው፣ አታስረዝሚው ብቻ። ፒንታ በምትባል የጋላፓጎስ ደሴት የመጨረሻው ኤሊ ጆርጅ ይባል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ሞተ። መርከበኞች ዘመዶቹን ለምግብ ወሰዱ፣ ሰው ያመጣቸው ፍየሎችም ቅጠሉን ጨረሱት። በዚያው ቀን ግን የሌላዋን የጋላፓጎስ ደሴት፣ የኤስፓኞላን፣ ታሪክ አስከትዪ፦ ከደሴቲቱ የኤሊ ዘር በሕይወት የቀሩት 15 ብቻ ነበሩ፤ ሰዎች ለብቻ አኑረው አራቧቸው፣ ወደ 2000 የሚጠጉ ልጆቻቸውም ወደ ደሴታቸው ተመለሱ። 15 ጠጠር ቁጠሩና በሳፋው ዳር ደርድሩ። 2000ውን ለመቁጠር እንዳትሞክሪ፤ አንድ ጆንያ አሸዋ አፍስሽላቸውና ዝም በዪ፣ ጥያቄውን እነሱ ያመጡታል።