ኤሌክትሮኬሞቴራፒ (የካንሰር መድኃኒት ከኤሌክትሪክ ምት ጋር) ለውሻ ዕጢ፦ ምቱ መቼ ይሰጥ?
ጥያቄ (ከደሴ)፦ የሴት ውሻ ብልት ላይ አበባ ጎመን የሚመስል፣ የሚደማ ዕጢ አለ። በቀጥታ ኤሌክትሮኬሞቴራፒ ልጀምር?

መልስ (ከኮምቦልቻ)፦ አብሽር ወንድሜ፣ መጀመሪያ የዕጢውን ናሙና በማይክሮስኮፕ እይ። በግንኙነት የሚተላለፈው ዕጢ ከሆነ ቪንክሪስቲን የተባለው የካንሰር መድኃኒት ይቀድማል፤ በደም ሥር 0.5–0.7 ሚሊግራም በስኩዌር ሜትር የሰውነት ገጽ፣ በሳምንት አንዴ፣ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት። ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋ ያበሰብሳል፤ ካቴተሩን (ደም ሥር ውስጥ የሚገባውን ቀጭን ቱቦ) በጨው ውሃ ሳትፈትሽ እንዳትሰጥ!

ሌላ መልስ፦ ቪንክሪስቲን እምቢ ካለ ነው ኤሌክትሪኩ። ሙሉ ማደንዘዣ ስጥ። ብሊዮማይሲን የተባለውን የካንሰር መድኃኒት 15,000 ዩኒት በስኩዌር ሜትር በደም ሥር ስጥ፤ ከዚያ 8 ደቂቃ ጠብቅ፣ መድኃኒቱ ከተሰጠ 28 ደቂቃ ሳይሞላ ምቱን ጨርስ። በየቦታው 8 ምት፣ እያንዳንዱ 100 ማይክሮሰከንድ፣ 1,000–1,300 ቮልት በሴንቲሜትር። ፀጉሩን ላጭተህ ጄል ቀባ፤ በኤሌክትሮዱና በቆዳው መካከል አየር ከገባ ምቱ ሴሉን አይከፍትም፣ መድኃኒቱም ውጭ ይቀራል። ሳንባዋ ጠባሳ ካለበት ብሊዮማይሲን ይቅር።