የሙቀት ካሜራ የሚያፈሰውን ቦታ ያሳያል ወይ? ሴራሚክ ከማስፈረሳችን በፊት ምክር እፈልጋለሁ

ጥያቄ፦ የ3ኛ ፎቅ ነዋሪ

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። መኝታ ቤቴ ጣሪያ ላይ፣ ከላይኛው ቤት ሻወር ሥር ባለው ጥግ፣ እርጥበት ከታየ ሁለት ወር ሆነው። ቀለሙ ተልጧል፣ ልስኑ መርገፍ ጀምሯል። ሻጋታ ይዞታል፣ ልጄም እዚያ ስታድር ያስላታል።

የላይኞቹ ጎረቤቶቼ ጥሩ ሰዎች ናቸው። ግን «የኛ ቧንቧ አያፈስም፣ በግምት ሴራሚክ አናስፈርስም» አሉ። እኔም በነሱ ቦታ ብሆን አላስፈርስም። አንድ ባለሙያ ደግሞ «የሙቀት ካሜራ አለኝ፣ ሶሌታው (በሁለቱ ፎቆች መካከል ያለው ኮንክሪት) ውስጥ ያለውን ሁሉ ያሳየኛል» ብሎ ዋጋ ነገረኝ። የማኅበሩ ኮሚቴ ከተስማማ ደረጃው ላይ ያለውን የመብራት ቦርድም አብሮ ሊያይልን ነው፤ ማታ ሁሉም ምጣድ ሲጥድ ቦርዱ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ይሄ ካሜራ እውነት ይሠራል? ብር ከማውጣታችን በፊት ምን ብለን እንጠይቀው?

መልስ፦ ኤሌክትሪሺያን ነኝ

ልጄ፣ ጣሪያው ሊቆይ ይችላል፣ ቦርዱ ግን አይቆይም። ሽታ ካለ ካሜራ አትጠብቁ። ከዛሬ ጀምሮ ምጣድ በተራ ጣዱ፣ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያንም ጠርታችሁ አሳዩ። አንድ ምጣድ ብቻውን 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ይወስዳል፣ በ220 ቮልት 16 አምፔር ማለት ነው። አምስት ቤት አንድ ላይ ሲጥድ ቦርዱ ላይ የሚያልፈውን አስቢው። አንድ ብሎን ከላላ እዚያ ቦታ ላይ ይግላል፣ ሲግል ይበልጥ ይላላል፣ መጨረሻው እሳት ነው።

ካሜራው ለዚህ ሥራ በጣም ጥሩ ነው፣ ሰዓቱን ካወቃችሁበት። ሰው ሁሉ ሥራ በሄደበት በ4 ሰዓት መጥቶ «ሰላም ነው» ቢላችሁ አትመኑት። ከረንቱ በግማሽ ሲቀንስ የላላው ብሎን ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ወደ ሩብ ይወርዳል፣ ስለዚህ ችግሩ ይደበቃል። ቢያንስ መስመሩ ከሚችለው 40 በመቶ ጭነት ላይ እያለ ይታይ። ሽፋኑም መከፈት አለበት፣ ካሜራው በሽፋን አያይም። የሚከፍተው ኤሌክትሪሺያን ብቻ ይሁን፣ እባካችሁ። ከዚያ ሦስቱን ፌዝ (ቦርዱ ውስጥ የሚገቡትን ሦስት የመብራት መስመሮች) ያወዳድር። ጭነታቸው ተመሳሳይ ሆኖ ልዩነታቸው ከ1 እስከ 3 ዲግሪ ከሆነ ጥርጣሬ ነው፣ ከ4 እስከ 15 ከሆነ የሆነ ነገር ተበላሽቷል፣ ከ15 ካለፈ ግን አጥፍቶ ወዲያው መጠገን ነው። የሚያብረቀርቅ መዳብ ላይ የሚነበበውን ቁጥር አትቀበሉ፤ ጨረሩን ስለሚመልሰው ግሎም ቀዝቃዛ መስሎ ይታያል። ከጎኑ ያለው የሽቦ ሽፋን ላይ ይለካ።

መልስ፦ ሳይት መሐንዲስ

ጋሼ ስለ ቦርዱ ያሉትን አስቀድሙ። ወደ ጣሪያው ስመጣ፣ ካሜራው ይሠራል፣ «ውስጡን ያሳየኛል» የሚለው ግን ውሸት ነው። የሚያነበው የልስኑን የላይ ሙቀት ብቻ ነው። እርጥብ ልስን ውሃው ሲተን ስለሚቀዘቅዝ ከደረቁ ተለይቶ ይታያል፣ ነገሩ ይኸው ነው። ቀዝቃዛ ሁሉ ደግሞ እርጥብ አይደለም። የኮንክሪት ቢም (አግዳሚ ተሸካሚ) ከብሎኬቱ የተለየ ሙቀት ስላለው በታኅሣሥ ጠዋት ጥርት ያለ ሰማያዊ መስመር ሆኖ ይወጣል፣ አንድ ጠብታ ውሃ ሳይኖርበት። ስለዚህ ባለሁለት መርፌውን የእርጥበት መለኪያ ይዞ ካልመጣ አትቅጠሩት።

ካሜራው ከመምጣቱ በፊት በነፃ የሚሠራ ነገር አለ። ጎረቤቶችሽ ቧንቧ ሁሉ ዘግተው ቆጣሪያቸውን ግማሽ ሰዓት ይዩት። ሮቶ ካላቸው መግቢያውን ዘግተው የውሃውን ልክ ምልክት አድርገው ያሳድሩት። ከተንቀሳቀሰ ወይም ከጎደለ የሚያፈሰው የቧንቧው መስመር ነው። ካልሆነ ፍሳሽ መውረጃውን ወይም ከሴራሚኩ ሥር ያለውን ውሃ መከላከያ ጠርጥሪ።

እነዚህን ሁለቱን ለመለየት ነው ካሜራው ዋጋ ያለው። መጀመሪያ ጣሪያሽ እንዳለ በካሜራው ፎቶ ይነሳ። ቀጥሎ ላይ ቤት ወለሉን ሳያረጥቡ በጎማ ሙቅ ውሃ ቀጥታ ወደ መውረጃው ጉድጓድ 20 ደቂቃ ይልቀቁ፣ ከታች ደግሞ በየ10 ደቂቃው ይነሳ። ምንም ካልታየ በሌላ ቀን መውረጃውን ደፍነው ወለሉ ላይ ሙቅ ውሃ ያቁሩ። ሁለቱን በአንድ ቀን እንዳታደርጉት፣ የትኛው እንደወረደ አታውቁም። ሶሌታው ሙቀት ለማሳለፍ ጊዜ ይወስዳልና አትቸኩሉ።

መልስ፦ ከሚኒሶታ

እዚህ ቤት መመርመር ሥራዬ ነው። በጥር ውጭው ከዜሮ በታች 20፣ ውስጡ 20 ዲግሪ ሲሆን ካሜራው ሁሉን ያወጣዋል። የግድግዳ ሥራ ስንጀምር በውስጥና በውጭ መካከል ቢያንስ 10 ዲግሪ ልዩነት እንፈልጋለን። አዲስ አበባ ያ ልዩነት የለም፣ ስለዚህ መሐንዲሱ እንዳለው በሙቅ ውሃ ራሳችሁ መፍጠር አለባችሁ።

ቀለሙ እንዳያስደነግጣችሁ። ካሜራው ያገኘውን ልዩነት በራሱ ስለሚለጥጠው አንድ ዲግሪም ቢሆን ቀይና ሰማያዊ ሆኖ እሳት ይመስላል። ቁጥሩን ጠይቁ። የካሜራውንም ጥራት ጠይቁ፤ ስልክ ላይ ከሚሰኩት አንዳንዶቹ 80 በ60 ነጥብ ብቻ ናቸው፣ ለቦርድ ብሎን አይበቁም። 160 በ120 ለቤት ይሆናል፣ 320 በ240 ከተገኘ በጣም ጥሩ። የሚያብለጨልጭ ሴራሚክና መስታወት ላይ የሚታየው ደግሞ ብዙ ጊዜ የራሱ የአንሺው ሙቀት ነው።

ጠፍጣፋ ኮንክሪት ጣሪያ ያላችሁ ሌሎች አንባቢዎች፣ ፀሐያማ ቀን ከዋለ በኋላ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ እዩት። ደረቁ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ውሃ የያዘው ቦታ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። እዚያ እርጥቡ ሞቃት ሆኖ ነው የሚታየው፣ ከውስጡ ተቃራኒ።

መልስ፦ የገርጂ ነዋሪ

እኛ ሰማያዊ ባየንበት ሁሉ አስፈርሰን ኮለን (የኮንክሪት ምሰሶ) ሆኖ ተገኘ። ውሃው የሚገባው በተቀደደ አሸንዳ ነበር። መለኪያውን አትዝለሉ።

የ3ኛ ፎቅ ነዋሪ (ከ12 ቀን በኋላ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቦርዱን በማግስቱ አስከፈትነው፤ የአንዱ ፌዝ ብሎን ከሌሎቹ በ31 ዲግሪ ይበልጥ ነበር፣ የሽቦው ሽፋን ጠቁሯል። ተቆርጦ እንደገና ታሰረ፣ ሽታው ጠፋ። የጎረቤቶቼ ቆጣሪ አልተንቀሳቀሰም። መውረጃው ላይ ሙቅ ውሃ ሲለቀቅ ግን በ50ኛው ደቂቃ ጣሪያዬ ላይ ክብ ሙቀት ወጣ፣ 3 ዲግሪ ያህል። የላይኛዋ እናት ወርደው በዓይናቸው አዩት፣ «በቃ ይፈረስ» አሉ። አራት ሴራሚክ ብቻ ነው የተነሳው፣ የመውረጃው መጋጠሚያ ተሰንጥቆ ነበር። አሁን ቀለም መቼ ልቀባ?

ሳይት መሐንዲስ

በቀን አትቁጠሪ። የረገፈውንና የሻገተውን ልስን አስነሺ፣ መስኮቱን ክፈቺ። መለኪያው እዚያና ክፍሉ ውስጥ ባለ ደረቅ ጥግ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ሲሰጥሽ ለስነሽ ቀቢ። ልጅሽ እስከዚያ ሌላ ክፍል ትተኛ።