«አይለመደኝም» እያልን አድገን ይቅርታ ለምን ከበደን?

የኮዬዋ፦
ሰላም ናችሁ? ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ቅዳሜ የስድስት ዓመት ልጄ ላግዝሽ ብሎ የቡና ሲኒ ሲያቀብለኝ ትሪው ከእጁ አመለጠ። አራት ሲኒ ደቀቀ። እኔ ገና ሳልተነፍስ ፊቱን በክንዱ ጋርዶ «አይለመደኝም ማሚ፣ ሁለተኛ አይለመደኝም!» አይለኝም? ድርቅ ነው ያልኩት። ማን አስተማረው? እኔው ነኛ። እኔንስ? የእናቴ አርጩሜ።

ከዚያ ወዲህ ሲያብሰለስለኝ ሰነበተ። ልጅ ሆኜ በቀን አሥር ጊዜ ይቅርታ እለምን ነበር። አሁን 34 ዓመቴ ነው። አምና ታናሽ እህቴን ያበደርኳትን ብር ዘመድ በተሰበሰበበት ጠይቄ አዋረድኳት። እስከ ዛሬ አንዲት ቃል አልወጣኝም። ስትመጣ ዶሮ እሠራለሁ፣ ስትሄድ በርበሬ እቋጥርላታለሁ፣ ይቅርታው ግን አፌ ላይ ይደርስና ይመለሳል። ሳድግ ነው የደነደንኩት ወይስ ያ ድሮ የምለው ነገር ይቅርታ አልነበረም?

ጀሞ 2፦
ሳይኮሎጂ ተምሬያለሁ፣ ግን የምሠራው ሌላ ነው 😀 እኔ እንደሚመስለኝ «አይለመደኝም» ዱላ ማስቆሚያ ነው። ልጁ ያኔ ሐሳቡ ሲኒው ላይ ሳይሆን ጥፊው ላይ ነው።

የሚገርምሽ፣ ዣን ፒያዤ የሚባለው ስዊዘርላንዳዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ለልጆች ይነግራቸው የነበረው ታሪክም ስለ ሲኒ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1932 ባወጣው መጽሐፍ ውስጥ አለ። አንዱ ልጅ በር ሲከፍት ከበሩ ጀርባ መኖሩን ያላወቀውን 15 ሲኒ ይሰብራል። ሌላው ተደብቆ ማርማላታ ሊወስድ ሲንጠራራ አንድ ይሰብራል። የቱ ይብሳል? ትንንሾቹ ብዙ ጊዜ 15 የሰበረው ይላሉ፣ ከፍ ያሉት ግን ምን አስቦ ነው የሚለውን ያያሉ። ያንቺም ልጅ የቆጠረው አራት ሲኒ ይሆናል። ሊያግዝሽ እንደነበር አንቺ ንገሪው።

አዋቂ ላይ ሌላ ጣጣ አለ። ጁን ታንግኒ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ጸጸትንና ሀፍረትን ለይታ ታያለች። ጸጸት «መጥፎ ነገር ሠራሁ» ነው፣ ወደ ማስተካከል ይገፋል። ሀፍረት «እኔ ራሴ መጥፎ ነኝ» ነው፣ እሱ ደግሞ ወይ ያስደብቃል ወይ ያስቆጣል። አርጩሜ ሀፍረቱን ነው የሚያወርሰን ባይ ነኝ።

የሱሉልታው፦
እኛ ሰፈር ሁለት ጎረቤታሞች በአጥር ተጣልተው ሽማግሌ ተቀመጠ። አጥፊው ድንጋይ ተሸክሞ ጎንበስ ብሎ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ። ግን ድንጋዩን ያወረዱለት አጥሩን ወደ ቦታው ሊመልስ ከተስማማ በኋላ ነው፣ ቀላል ሰዎች እንዳይመስሏችሁ። ልጅ ሆነን ግን እንዲህ የሚያጣራ የለም፣ «በሉ ተሳሳሙ!» ብቻ ነው። እኔ አንዴ ስስም ጉንጩን ነክሼዋለሁ።

ቱሉ ዲምቱ፦
ምን ታካብዳላችሁ! ታላቅ ታናሹን ይቅርታ ሲጠይቅ የት አይታችኋል? ዶሮው ይቅርታ ነው፣ ገብቷታል። አባቴ ጠዋት ከገረፈኝ ማታ ሙዝ ይዞ ይገባ ነበር። አንድም ቀን አጠፋሁ አላለኝም፣ እኔም አልጠበቅኩም።

ጀሞ 2፦
@ቱሉ ዲምቱ ይኸው ሙዙን እስከ ዛሬ ታስታውሰዋለህ እኮ፣ ዱላውንም ጭምር። ሮይ ሌዊኪ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት የይቅርታን ስድስት ክፍሎች አወዳድረው ነበር። ከሁሉ የበለጠው «ጥፋቱ የኔ ነው» ማለት ሆኖ ተገኘ፣ ቀጥሎ የተበላሸውን ለማስተካከል መነሳት። መጨረሻ የወጣው ምን መሰላችሁ? «ይቅር በለኝ» ብሎ መለመኑ! እና የኮዬዋ፣ ዶሮሽ ቢበዛ ሁለተኛውን ነው የሚሸፍነው፣ አንደኛውን ዘለሽዋል። መለመኑ ከከበደሽ ተዪው፣ ያጠፋሽውን ብቻ በስሙ ጥሪው።

የኮዬዋ፦
እሺ፣ ዛሬ ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ደወልኩላት። ሰው እንዳይሰማኝ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ «ያን ቀን ሰው ፊት ያዋረድኩሽ እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኳት። ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» እላለሁ።

«ብር ቸግሮሽ ነው?» አለችኝ።