ሶሺዮሎጂና አንትሮፖሎጂ በትንሽ ኮሌጅ፦ ልግባበት ወይስ ይቅርብኝ?

የታቦር ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ከሐዋሳ ነኝ። አሜሪካ ካለ አንድ ሊበራል አርትስ ኮሌጅ (ብዙ ዓይነት ትምህርት እየቀመሱ የሚማሩበት) ሙሉ ስኮላርሺፕ አግኝቻለሁ። ተማሪው ሁሉ ተደምሮ ሁለት ሺህ አይሞላም። ሶሺዮሎጂና አንትሮፖሎጂ (የማኅበረሰብና የሰው ልጅ ባህል ጥናት) እዚያ አንድ ዲፓርትመንት ናቸው፣ ልቤም እሱ ጋ ነው። አባዬ ግን "ስለ ዕድርና ስለ ሠርግ ለመማር አሜሪካ ይኬዳል እንዴ?" ብሎ ቤቱን በሳቅ ገደለው። ኮምፒውተር ሳይንስ ካልሆነ ወይ ፍንክች። የምታውቁት ካለ ንገሩኝ፣ ግን "ልብሽን ተከተይ" አትበሉኝ በናታችሁ።

ቀጥተኛው፦
ልብሽን ተይውና ስለ ኪስሽ እናውራ። በተማሪ ቪዛ ተምረሽ ስትመረቂ በሙያሽ እንድትሠሪ የሚፈቀድልሽ አንድ ዓመት ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ ለተማረ ሁለት ዓመት ሊጨመርለት ይችላል፣ ለሶሺዮሎጂ ግን የለም። አባትሽ ዝም ብለው አይደለም።

ተመርቄ የመጣሁ፦
እንደዚያ ዓይነት ኮሌጅ ነው የተማርኩት። እህቴ፣ ጠቡን ያለጊዜው ነው የጀመራችሁት። ሜጀር (ዋናው የትምህርት መስክ) የሚመረጠው ሁለተኛ ዓመት ማለቂያ አካባቢ ነው፣ እስከዚያ ኮምፒውተሩንም ስታቲስቲክሱንም ሞክሪው። ትምህርቱ ቀላል ነው ብሎ የሚያስብ ካለ ደግሞ ይምጣና ይየው፤ ክፍል ውስጥ አሥራ ምናምን ሆናችሁ ፊት ለፊት ትቀመጣላችሁ፣ ሳታነቢ ከገባሽ መደበቂያ የለም። አንድ ሳምንት ፈረንሳዊው የሶሺዮሎጂ ሊቅ ዱርካይም በ1897 እ.ኤ.አ. ራስን ማጥፋትን ያህል የግል የሚመስል ነገር በየአገሩ ቁጥር እያነጻጸረ ከማኅበረሰቡ ጋር እንዴት እንዳያያዘው ታነቢያለሽ፣ በሚቀጥለው አንትሮፖሎጂስቱ ማሊኖቭስኪ ፓፑዋ ኒው ጊኒ ባሉት ትሮብሪያንድ ደሴቶች ላይ የነዋሪዎቹን ቋንቋ ተምሮ፣ አብሯቸው ኖሮ የጻፈውን። ሁለቱ አንድ ጣሪያ ሥር ሲሆኑ ቁጥሩንም ወሬውንም ትለምጃለሽ። ችግሩ መምህራኑ ጥቂት ናቸው፣ የፈለግሽው ኮርስ ሁሌ አይከፈትም። ሌላው፣ ክረምት ሐዋሳ መጥተሽ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ያሉትን ዓሣ ሻጮች ላጥና ብትይ መጀመሪያ የኮሌጁን የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ማግኘት አለብሽ፣ እዚህ ደርሰሽ እንዳትጣደፊ።

የሐይቅ ዳር፦
አባትሽ የሳቁበት ነገር እኮ ትንሽ አይደለም። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ በ2015 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ ላይ የተመዘገበው ዘፈኑ ስላማረ ብቻ አይደለም። አያንቶ የሚባሉት ኮከብ ቆጣሪዎች ኮከብ አይተው ቀኑን ይወስናሉ፣ በበዓሉ የተጣላ ይታረቃል፣ የጎሣ መሪዎች ሽማግሌ እንዲከበር ይመክራሉ። ማን ማንን ይሰማል፣ ለምን? ይሄ ከባድ ጥያቄ ነው። ሥራ ካልሽ፣ እዚህ የኤንጂኦ ማስታወቂያ ላይ "ሶሺዮሎጂ ወይም ተዛማጅ" የሚል አይጠፋም፣ ግን ዳታ መተንተን የማይችል ሰው ሲቸገር ነው የማየው።

ቀጥተኛው፦
እሱስ እውነት ነው። ሶሺዮሎጂውን ከስታቲስቲክስ ጋር ካጣመርሽው ተስማምቻለሁ።

የታቦር ልጅ፦
ሁለት ዓመት ጊዜ እንዳለኝ አላወቅኩም ነበር፣ ዛሬ ማታ ለአባዬ እነግረዋለሁ። ፓይተን (የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋውን) ከአሁኑ ልጀምር?

ተመርቄ የመጣሁ፦
ጀምሪ፣ ነጻ ነው።