በወንድሜ ገንዘብ የመኪና ኪራይ ሥራ ልጀምር ነው፤ ቁልፉን ለማን፣ በምን ውል ልስጥ?

ጠያቂ (እህት ከሲኤምሲ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ወንድሜ ዱባይ ዘጠኝ ዓመት ሠርቶ ባጠራቀመው ገንዘብ አዲስ አበባ ላይ የመኪና ኪራይ ሥራ ለመጀመር አስበናል። ያለን ገንዘብ ያገለገሉ ሁለት ትንንሽ መኪኖችን፣ ለምሳሌ ያሪስ ወይም ቪትዝ፣ አለዚያም አንድ ሃይሩፍ (ጣሪያው ከፍ ያለ ሚኒባስ) ይገዛል። እርሱ እዚያው ስለሚቆይ ሥራውን የምመራው እኔ ነኝ፤ የሂሳብ ሠራተኛ ብሆንም ስለ መኪና ብዙ አላውቅም። ያለ ሹፌር ማከራየት ይሻላል ወይስ ከነሹፌሩ? መኪና ተከራይቶ የሚሰወር ሰው እንዳለ ስለምሰማም የወንድሜን ድካም እንዳላጠፋበት እፈራለሁ። በሥራው የቆያችሁ ብትመክሩኝ አመሰግናለሁ።

የገርጂው አከራይ፦
እህቴ፣ ፍርሃትሽ ተገቢ ነው። በዚህ ሥራ ሰባት ዓመት ቆይቻለሁ፤ የጀመርኩትም አንዲት ኮሮላ ያለ ሹፌር በማከራየት ነበር። በሁለተኛው ዓመት ለሦስት ቀን ብሎ የወሰዳት ሰው ስልኩን ዘጋ፤ መኪናዋ ከአርባ ቀን በኋላ ሌላ ከተማ ውስጥ ለብድር መያዣ ተሰጥታ ተገኘች። ሰውየውን ያመጣው የማውቀው ደላላ ስለነበር ዋስ ሳልጠይቅ ነው ቁልፍ የሰጠሁት። ስለዚህ መኪና ከመምረጥሽ በፊት ተከራይ ምረጪ እልሻለሁ።

ለጀማሪ የሚሻለው ከነሹፌሩ ማከራየት ነው። ፕሮጀክት ያላቸው ድርጅቶች፣ የመስክ ሥራ የሚበዛባቸው አማካሪዎችና ሠራተኞቻቸውን የሚያመላልሱ ኩባንያዎች ሃይሩፍን በወር ውል ይይዛሉ፤ ክፍያው በቀን ሲሰላ ዝቅ ቢልም መኪናው ሥራ ፈትቶ አይቆምም። ትንሽ መኪና ያለ ሹፌር ስታከራዪ ግን ገበያው ወቅት ይከተላል፤ በጥርና ከፋሲካ በኋላ በሠርግ፣ በክረምት ከውጭ አገር በሚመጡ ወገኖች ይደምቅና በዐቢይ ጾም ይቀዘቅዛል። እኔ ለትንሽ መኪና ገቢ ስገምት በወር የምይዘው 15 የኪራይ ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ገቢ ላይ የዘይት ለውጥ፣ ጎማ፣ ኢንሹራንስ፣ ዓመታዊ ምርመራና ቦሎ፣ ጋራዥ የሚቆምበት ቀንና የመኪናው እርጅና ይቀነሳል፤ ይህንን ስሌት አንቺ በሙያሽ ከእኔ የተሻለ ትሠሪዋለሽ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ በጣም ስለጨመረ፣ ቢያንስ የሦስት ወር ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ ሳታስቀሪ ሁሉንም ለግዢ አታውዪ።

ጠበቃዋ፦
በሕጉ በኩል ልጨምርልዎት። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 መሠረት መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው፤ የነዳው ሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ ኃላፊነቱ አይቀርለትም፤ መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ግን ነፃ ይሆናል። በፈቃድዎ ቁልፍ ያስረከቡት ተከራይ መኪናውን ይዞ ቢጠፋ ደግሞ ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚታየው በስርቆት ሳይሆን በወንጀል ሕጉ ቁጥር 675 በእምነት ማጉደል ነው። ይህ ልዩነት ኢንሹራንሱ ላይም ይመጣል፤ የስርቆት ሽፋን አለኝ ብለው ሲያምኑ፣ ተከራይ የሰወረው መኪና ከሽፋኑ ውጪ ሊሆን ስለሚችል ፖሊሲውን (የመድን ውሉን) ሳይፈርሙ አንቀጽ በአንቀጽ ያንብቡት።

በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተደነገገው የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ነው፤ የራስዎን መኪና ግን አያስጠግንልዎትም። ሙሉ ዋስትና ሲገቡ መኪናው የሚከራይ መሆኑን በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ለግል መገልገያ ተብሎ ዋስትና የተገባለት መኪና ተከራይቶ ሳለ ቢጋጭ ካሳ ሊከለከሉ ይችላሉ። በተለምዶ ኮድ 2 በምንለው የግል ሰሌዳ ማከራየትም ከዚሁ ችግር ይጥላል፤ ፈቃዱንና የሰሌዳውን ዓይነት ከግዢው በፊት ከንግድና ከትራንስፖርት ቢሮ ጋር ይጨርሱ። መኪናው በወንድምዎ ስም የሚሆን ከሆነም በዱባይ የኢትዮጵያ ቆንስላ በኩል የሚልኩልዎት ውክልና ማከራየትን፣ ካሳ መቀበልንና መክሰስን በግልጽ የሚጠቅስ ይሁን።

የቦሌው ባለኤሌክትሪክ፦
እኔ በመኪናው ምርጫ ላይ የተለየ ሐሳብ አለኝ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ለአሮጌ ያሪስ የሚጠየቀው ዋጋ ከመኪናው አቅም በላይ ነው። እኔ ቢዋይዲ የተባለ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቼ ለከተማ ውስጥ ሥራ ከነሹፌሩ አከራያለሁ፤ የነዳጅ ሰልፍ የለብኝም፣ ዘይት አልቀይርም፣ ሌሊት ግቢዬ ውስጥ ቻርጅ አደርጋለሁ።

የገርጂው አከራይ፦
ለከተማ ሥራ እውነትዎን ነው። የመስክ ሥራ ያለው ድርጅት ግን ጎንደር ወይም ጂንካ ድረስ የሚሄድ መኪና ይፈልጋል፤ ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያዎቹ በብዛት ያሉት አዲስ አበባ በመሆኑ በኤሌክትሪክ መኪና ያንን ውል መያዝ ያስቸግራል።

አንድ ሌላ አባል፦
ከድርጅት ጋር ለመሥራት ሕጋዊ ደረሰኝ የግድ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1341/2016 መሠረት ዓመታዊ ሽያጩ ከ2 ሚሊዮን ብር የሚበልጥ ነጋዴ ለተጨማሪ እሴት ታክስ መመዝገብ ስላለበት፣ ዋጋ ሲያቀርቡ 15 በመቶው ተካትቶ እንደሆነና እንዳልሆነ በጽሑፍ ይለዩ፤ እኔ ሳልለይ ፈርሜ የዓመት ታክስ ከኪሴ ከፍያለሁ።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሐሳቤ ወደ ሃይሩፉ አዘንብሏል። አንዳንድ ጊዜ ያለ ሹፌር የሚጠይቅ ደንበኛ ቢመጣ ግን ምን ምን ልያዝ?

የገርጂው አከራይ፦
የመንጃ ፈቃዱንና የፋይዳ መታወቂያውን ዋናውን አይተሽ ኮፒ ያዢ፤ መሥሪያ ቤቱን ራስሽ ደውለሽ አረጋግጪ፤ ቋሚ ደመወዝ ያለው ዋስ ውሉ ላይ ይፈርም፤ ማስያዣ ገንዘብም ተቀበዪ። በርክክብ ጊዜ ኪሎ ሜትሩን፣ የነዳጁን መጠን፣ ጎማዎቹን፣ ትርፍ ጎማውንና ክሪኩን ፎቶ አንሺና ተከራዩን አስፈርሚ። ጂፒኤስ አስገጥሚ፤ የት እንደተገጠመ ግን ሹፌርሽም እንኳ ባያውቅ ይሻላል።

ጠበቃዋ፦
ዋናውን ሊብሬ (የመኪናውን የባለቤትነት ደብተር) ደግሞ ቤትዎ ያስቀምጡ። የመኪና ሽያጭ የሚጸድቀው በውልና ማስረጃ በመሆኑ፣ አጭበርባሪ በሐሰተኛ መታወቂያ ቀርቦ መኪናውን ለመሸጥ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ያ ደብተር ነው። ለተከራዩ ኮፒውን ከኪራይ ውሉ ጋር አያይዘው ይስጡት።